ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ደህናነው» ነው የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ጫማ ሰፊው ነው። ጫማ አሠርቶ ሲሞክረው ሰውዬው «ጠበበህ እንዴ?» ቢለው፣ «ኧረ ደህና ነው» ብሎ ተጫምቶት ወጣ። ከዚያ ክረምት ከበጋ ሲያነክስ ኖረ፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቀለ። ሰፊው ይህን በኋላ ሰምቶ እንባው እስኪወርድ ስቆ ለሰፈሩ አወራው፤ ስሙም በዚያው ተለጠፈበት።

እሱ እንዲህ ነው። ሰው ፊት ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ጨው የበዛበት ምሳ ሳቀርብለት «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ጥርግ አድርጎ ይበላና ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይውላል። ፀጉር ቆራጩ ጆሮውን ቢቆርጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ሚስት ያላገባውም አንዷን «አልፈልግሽም» ማለት ስለማይችል፣ ከጀመረ ሁሉንም ማግባት ስለሚኖርበት ነው እያልኩ አበሽቀዋለሁ። ይስቃል። እኔ መሀለኛዋ ነኝ፤ እሱ የዋጠውን ሁሉ ስተፋለት ኖሬ ምላሰኛ መባልን ነው ያተረፍኩት። ይበሉኝ፣ ምን ቸገረኝ።

ሦስታችንም የምንኖረው አባታችን ትቶልን በሄደው ቤት ነው። የጋሼ ክፍል ከውጭ በሩ አጠገብ ነው፤ የኔ መሀል ላይ፣ የልብስ ስፌት መኪናዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፤ የታናሻችን ደግሞ ከጓሮ። ቤቱ ያለው ዳገቱ አናት ላይ ነው። ከደጃችን የሚነሳው መንገድ ትንሽ ሜዳ ሜዳውን ይሄድና የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያልፍ ቁልቁል ይወርዳል። እየተጠማዘዘ፣ እየጠበበ ወርዶ ወርዶ፣ ታች አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል። ማጠፊያው ላይ በአንድ በኩል የእህል መጋዘን ግንብ አለ፤ በሌላው በኩል ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይሰለፋል። ጧት ጧት ሰልፉ አስፋልቱን አልፎ መንገዱ ድረስ ይመጣል። ጋሼ በአሮጌ ፒክአፑ ሲሚንቶ፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ የተገኘውን ሁሉ እየጫነ ዕድሜውን የፈጀው በዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ጭነት ያጣ ቀን የሰፈር አሮጊቶችን በነጻ ሲያመላልስ ይውላል።

ታናሻችን መካኒክ ነው። ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን የሠራው መኪና ተበላሽቶ ተመልሶ መጣና አለቃው በደንበኞች ፊት አንጓጠጠው፤ አባረረው። ልጁ ቤት መጣ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ተኛ ስላችሁ፣ ተኛ ነው። ጺሙን አይላጭ፣ ሰው አያናግር፣ በጋው አልቆ ክረምቱ ሲገባ እንኳ አንሶላውን እኔ ነኝ ጎትቼ ከሥሩ የማወጣው። ጋሼ በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ስለ መንገድ፣ ስለ ጭነት፣ ስለ ዝናብ ያወራለታል። መልስ የለም። እኔ ደግሞ ጓሮ ባለው የዕቃ ቤት ውስጥ ገመድ ባየሁ ቁጥር አነሳና እደብቃለሁ። ምን እየፈራሁ እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም፤ ጋሼም ገመዱ ሁሉ የት እንደገባ አልጠየቀኝም።

በዚያ ክረምት የፒክአፑ የኋላ ፍሬን አስቸገረ። የኋላው ታምቡር ነው፤ ድፍን የብረት ድስት በሉት፣ ሸራው ውስጥ ሆኖ እየተለጠጠ ግድግዳውን ሲይዝ ነው ጎማው የሚቆመው። ውሃና ጭቃ ከገባበት ሸራው ያንሸራትታል፣ ይጮኻል። ጧት ጋሼ መኪናውን ከግቢ ሲያወጣ ጩኸቱ የሞተ ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ታዲያ ከጓሮ ክፍል ድምፅ ሰማን።

«ያ ታምቡር ነው» አለ ታናሻችን፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር። «ከኋላም ዲስክ ቢገባለት እኮ ይገላገላል።»

ጋሼ ሞተሩን ሳያጠፋ ዘሎ ወርዶ ገባ። «እንግዲያው አንተ ሥራት!» አለው። «ሌላ ሰው እጁን አያስገባባትም!»

እሰይ ነው ያልኩት። በእውነት እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሥራው ግቢያችን ውስጥ ተሠራ። መኪናውን በክሪክ አንስቶ የእንጨት ጉማጅ አስደገፈው። ታምቡሩን በመዶሻ ዙሪያውን እየመታ ነቀለ፤ ከውስጡ አቧራና የተሸረፈ ሸራ ተዘረገፈ። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሰፈር፣ ታች ቁልቁለቱ ሥር ካለው፣ ከተጋጨ መኪና የፊት እግር የተፈታ ዲስክና ካሊፐር አመጣ። ካሊፐሩ ዲስኩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ሳህን፣ ግራና ቀኝ እንደ ጉጠት ጨምቆ የሚይዘው ነው። የዲስኩን ቀዳዳ ቶርኖ ቤት አስሰፋ፣ ካሊፐሩ የሚታሰርበትን ወፍራም ላሜራ በያጅ ቆረጠለት። ሲገጥመው ካሊፐሩ ጭነቱን ከሚሸከመው ባሌስትራ ጋር ተጋጨ። ተቀመጠ፣ አየው፣ አገላበጠው፣ የግራውን ወደ ቀኝ የቀኙን ወደ ግራ ቢያደርገው ልክ ገባ። ፊቱ በራ። የፊት እግር ካሊፐር ስለሆነ የእጅ ፍሬኑ ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ አልነበረውም፤ «የእጅ ፍሬኑን በኋላ እፈጥርለታለሁ» ብሎ ሽቦውን ጠቅልሎ ሥር አሰረው። እስከዚያው መኪናዋ ስትቆም ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ይደረጋል።

ከፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር ማውጣቱ ላይ እኔም ነበርኩበት። እኔ ሾፌር ቦታ ተቀምጬ ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ እሱ ሥር ተኝቶ ትንሿን የአየር ማውጫ ቡሎን ይከፍታል። «ርገጪ… ያዢ… ልቀቂ!» ይለኛል። ዘይቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ጠርሙስ እየወረደ አረፋ ይሠራል። አረፋው ሲጠፋ «ጨረስን እትዬ» አለኝ። ከመኪናው ሥር ሲወጣ ግንባሩ ዘይት በዘይት ሆኖ ይስቅ ነበር። ጥርሱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ! ወደ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ሜዳው ላይ ሞከሩት። ጸጥ ብሎ ያዘ። ጋሼ ታናሹን አቅፎ ጉንጩን ሳመው፤ «እንደ ቢላ ነው!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጫኙም፣ ለባለ ሱቁም፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ይህንኑ ሲናገር ከረመ። ታናሻችን ተላጨ። ሸሚዙን እንድተኩስለት ጠየቀኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው እንግዲህ። የሰፋኋቸውን የደንብ ልብሶች ታች ላለ ደንበኛ ላደርስ ከጋሼ ጋር ጋቢና ገባሁ። ከኋላ ሲሚንቶ ተጭኗል። ቁልቁለቱን ጀመርን፤ እሱ ሾፌርነቱ ረጋ ያለ ነው፣ አልፈራሁም። ግማሽ መንገድ ስንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ኩርባው መጣ። የጋሼ እግር ፔዳሉ ላይ ሲያርፍ አየሁ፤ ፔዳሉ ምንም ሳይታገለው ወለሉ ድረስ ወረደ። መኪናዋ አልቀነሰችም። እግሩን አነሳና ደግሞ ረገጠ፤ አሁን ያዘ፣ ሁለታችንም ወደ ፊት ተገፋን።

«ምንድነው ይሄ!» ብዬ ጮህኩ።

«ደህና ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። «ሲሞቅ እንዲህ ይላል። ቁልቁለቱ ላይ ሁለቴ ነው የሚረገጠው። ለምጄዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሳምንት።»

«ነግረኸዋል?»

በሚቀጥለው ኩርባ ላይም ሁለቴ ረገጠ። ታች ስንደርስ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመው ነበር። አንዲት ሴት ልጅ አዝላለች። ጋሼ ገና ከሩቁ ጀምሮ እየረገጠ፣ እየለቀቀ፣ እየረገጠ አቆመ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ብርድ ቀን ነው እኮ።

መኪናው ውስጥ እንዳለን የአፌን ሁሉ ተናገርኩት። «አንተ ሰውዬ ጤና የለህም! ዛሬውኑ ትነግረዋለህ!»

«በሞቴ ተይ» አለኝ። «ገና መነሳቱ ነው። ከተነሳ የመጀመሪያ ሥራው ነው። ተበላሸ ብዬ ብነግረው ተመልሶ ይተኛል፤ አሁን ከተኛ አይነሳም። አንቺም ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። የደበቅኩትን ገመድ አስታወስኩ። «እስቲ ይጠንክርና፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ» አለ። ደንብ ልብሱን ይዤ ወረድኩ፤ ስመለስ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ስፌት ስፌት መሆኑ ቀረ። ፒክአፗ ከግቢ ስትወጣ እግሬ ከስፌት መኪናዬ ፔዳል ላይ ይነሳል፤ ድምፅዋ የትምህርት ቤቱን አጥር ሲያልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ተመልሳ ዳገቱን እያጉረመረመች ስትወጣ ነው የምተነፍሰው። ጋሼ ይገባል፣ «ዋላችሁ» ይላል፣ ታናሹ ይሮጥና «ፍሬኑስ?» ይለዋል። «እንደ ቢላ!» አንድ ቀንም «ዛሬስ ትንሽ ላላ አለብኝ» አላለም። ዓይኔን አፍጥጬ አየዋለሁ፤ እሱ ወደ ሳህኑ ያቀረቅራል። ልጁ ደግሞ ይህን እየሰማ በየቀኑ ቀና እያለ ሄደ። ምን ይዋጠኝ? በግራ ብሄድ ገደል፣ በቀኝ ብሄድ ገደል ሆነብኝ።

ወሬው ዳቦ ቤቱ ደረሰ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንዲሁ አሮጌ ፒክአፕ አለው፤ ጧት ጧት ዳቦ ያከፋፍልበታል፣ ልጆቹንም ትምህርት ቤት ያደርስበታል። ግቢያችን ድረስ መጣ። «ጋሽ ደህናነው ሲያመሰግንህ ሰምቼ ነው የመጣሁት፣ ለኔም እንደሱ አድርግልኝ» አለው ታናሻችንን። ልጁ ደስታውን መደበቅ አቃተው፤ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ይጠርጋል፣ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። እኔ ጋሼን አየሁት። አሁን እንኳ ይናገራል አልኩ፤ የሰው ልጆች አሉበት እኮ! ጋሼ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ሰው ጋ ነው የመጣኸው» አለ።

በማግስቱ ጧት ታናሻችን የፒክአፗን ቁልፍ ሊጠይቅ መጣ። ለዳቦ ቤቱ መኪና የሚሆን ካሊፐር ሊፈልግ ወደ አሮጌ ዕቃ ሰፈር መውረዱ ነው። መስኮቴ ክፍት ነበር፣ ሁሉን ሰማሁ።

«እኔ ልንዳልህ፣ አንተ ቁጭ በል» አለው ጋሼ።

«ለምን ጋሼ? ሥራ ትፈታለህ።»

«ግድ የለም፣ ባክህ፣ እኔ ልንዳ።»

ልጁ ፊቱ ልውጥ አለ። «አታምነኝም እንዴ?» አለው፣ ቀስ ብሎ። «መኪናህን ስጠግን አምነኸኝ፣ ስነዳት አታምነኝም?»

ጋሼ ኪሱ ውስጥ የነበረውን እጁን አወጣ። ቁልፉን ሰጠው።

ከወንበሬ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ክሩ እግሬ ላይ ተጠምጥሞ እየጎተትኩት ነው የደረስኩት። «ቁልቁለቱ ላይ ሲሞቅ ፍሬኑ አይዝም!» አልኩት ታናሻችንን። «ሁለቴ ካልረገጡት ባዶ ነው! በዓይኔ አይቻለሁ!»

ልጁ ወደ ጋሼ ዞረ። «እውነት ነው?»

አሁን ሳስበው፣ ያን የጋሼን ፊት የትም ሳለሁ አየዋለሁ። ጋሼ ታናሹን አየው። የተተኮሰ ሸሚዙን፣ የተላጨ ጉንጩን አየው።

«እሷን ትሰማለህ ደግሞ!» አለ፣ እየሳቀ። «ቁልቁለት ስታይ ነፍሷ ትወጣለች። እንደ ቢላ ነው ስልህ።»

«አንተ! ጋሼ!» አልኩ። መኪናው ፊት ሄጄ ቆምኩ። ታናሻችን እየሳቀ በትከሻዬ ይዞ ወደ ጎን አደረገኝ፤ «እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት» አለኝ። ድንጋዩን ከጎማው ሥር ጋሼ ራሱ አነሳለት።

ወጣ። ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። እንደምሰድበው ያውቃል፤ እኔ ግን ጆሮዬን ወደ መንገዱ አቀናሁ። መኪናዋ የትምህርት ቤቱን አጥር ስታልፍ ሰማን። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ክላክስ ሰማን፤ መጀመሪያ አጭር፣ ቀጥሎ ረጅም፣ ከዚያ የማያቋርጥ። ጋሼ መሮጥ ጀመረ። ያን ዕድሜውን ይዞ፣ ያን ቁልቁለት፣ ጫማው ከአንድ እግሩ ወልቆ እየሮጠ ነበር። ክላክሱ ድንገት ቆመ።

ሰልፉ ላይ የነበረች ጎረቤታችን ናት በኋላ የነገረችኝ። ክላክሱን ሰምተው ሲዞሩ ፒክአፗ ከላይኛው ኩርባ ስትወጣ አዩ፤ ወዴት እንደሚሸሹ ጠፋቸው፣ እርስ በርስ ተያያዙ። «ያየን ይመስለኛል» አለችኝ። «መሪውን ጠምዝዞ ወደ ግንቡ አዞረው። ጎማው ሲጮህ ሰማሁ፤ ፍሬኑ ይዞ ነበር እኮ፣ ግን ግንቡ ደርሶበታል።» ከሰልፉ አንድ ሰው አልተነካም። ታናሻችንን ከጋቢናው ለማውጣት ግን በሩን መቁረጥ ነበረባቸው።

ቀኝ እግሩ ደቆ ነበር። ሆስፒታል ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉለት፤ ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም አሉን። መኪና ሥር የሚገባ ሰው ጉልበቱ ካልታጠፈ ምን ይሆናል ብዬ ልጠይቅ ፈለግሁና ተውኩት።

ከማደንዘዣው ነቅቶ አፉ ሲፈታ፣ ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜአለሁ። ምንም ላልናገር ለራሴ ምያለሁ፤ ይቺን እንኳ በራሱ አፍ ይናገራት ብዬ።

«ምን እንደነካኝ አልገባኝም ጋሼ» አለ ታናሻችን። «ረገጥኩት፣ ባዶ ሆነብኝ። ደግሜ ስረግጥ ያዘ፣ ግን ደርሼ ነበር። የእትዬ ወሬ አስደንግጦኝ ይሆናል። ወይ ደግሞ ሳልነዳ ስለከረምኩ። አንተ በየቀኑ ነድተህ ምንም አልሆንክ፤ ጥፋቱ የኔ መሆን አለበት።»

ጋሼ ከንፈሩን ነከሰ። ደህና ነው ሊል መስሎኝ እጄን ጨበጥኩ።

«ቁልቁለቱ ላይ ሲሞቅ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ። እህትህ እውነቷን ነው።»

የታናሻችን ጣቶች አንሶላው ላይ አንድ ነገር እንደሚፈታ ሰው ተንቀሳቀሱ። «ሲሞቅ ብቻ?» አለ። «ሜዳ ላይ ደህና ነው?»

«ሜዳ ላይ ደህና ነው።»

«አየር ነው» አለ ወዲያው። «ባሌስትራው እንዳይነካው ብዬ ግራና ቀኙን ሳቀያይር አየር ማውጫዋ ወደ ታች ዞራለች። አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሸሸው፤ እዚያ ላይ ታቅፎ ቀርቷል። ሲሞቅ ያብጣል። በቃ ይኸው ነው። ካሊፐሩን ፈትቶ፣ ቀና አድርጎ ይዞ አየሩን ማስወጣት።» ወደ ጋሼ ዞረ። «የግማሽ ቀን ሥራ ነበር እኮ። አንድ ቃል ብትለኝ፣ የግማሽ ቀን ሥራ።»

«ልብህ እንዳይሰበር ብዬ ነው» አለ ጋሼ። እንባው ጺሙ ውስጥ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። «ተመልሰህ እንዳትተኛ ብዬ ነው።»

ልጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የተንጠለጠለ እግሩን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሌላስ?» አለ።

«ምን ሌላ?»

«ጋራዥ እያለሁ የሠራሁልህ ሁሉ። ሁሉንም ጥሩ ነው ብለኸኛል። እኔ ደግሞ መካኒክ ነኝ ብዬ ያመንኩት በአንተ አፍ ነው። እስቲ አሁን ንገረኝ፤ ከመጀመሪያው ጀምር።»

«ወንድሜ፣ ተወው…»

«ንገረኝ።»

ጋሼ እኔን አየኝ። እንድናገርለት ነው። ዕድሜ ልኬን ተናግሬለታለሁ፤ ያን ቀን ግን አንገቴን ደፋሁ።

«ፍሪሲዮኑ» አለ ጋሼ በመጨረሻ፣ «ወር አልቆየም። ሳትሰማ ሌላ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርኩት።»

«እሺ። ከዚያስ?»

«ራዲያተሩም… ያፈስ ነበር። ውሃ በጀሪካን ይዤ እዞር ነበር።»

«እሺ» አለ ታናሻችን። ዓይኑን ጨፍኗል። «ቀጥል።»

ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው፤ ነርሷ መድኃኒት ይዛ ገብታ ስትወጣ የጋሼ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ገና አልጨረሰም።